በድምፅ ማጉያ የተነበበው ግማሽ ገጽ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት የቢሮው ቁልፍ ጠፍቶ ነበር። ደባርቅ ከመናኸሪያው ጀርባ በተከራየነው ግቢ በረንዳ ላይ ቆሜ እስከ አራት ሰዓት በብርድ ስንቀጠቀጥ ቆየሁ። ቁልፉ ተገኝቶ በሩ ሲከፈት አስተባባሪያችን አቶ ካሳሁን አንድ የጀርባ ቦርሳ፣ አንድ ሰማያዊ ሰደርያና ዐሥራ ሁለት ገጽ ያለው ቅጽ አስታቀፈኝ። «እስከ ሐሙስ አርባ ልጅ መዝግበሽ ትመጫለሽ» አለኝ። ምን ዓይነት ልጅ እንደምመዘግብ ብጠይቀው «የተቸገረ» አለና ስልኩን አነሣ።

በሚኒባስ ዳባት ሄጄ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ አንድ መንደር ወረድሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት አሮጊት ገብስ ያሰጣሉ። ራሴን አስተዋወቅሁ። ምን ይዤ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ድጋፍ አልኋቸው። ድጋፉ የት እንዳለ ጠየቁኝ። ምክር መሆኑን ነገርኋቸው። ሰውነቴን ከላይ እስከ ታች አዩና «ምክርማ እዚህም ሞልቷል ልጄ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲመክረኝ ነው የሚውል» አሉኝ። ቆሎ ሰጡኝና ሸኙኝ። የዚያን ቀን አንድም ልጅ አልመዘገብሁም።

ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ።

የሥራችን ሙሉ ስም «ማኅበረሰብ አቀፍ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ድጋፍ አገልግሎት ለልጆችና ለቤተሰቦች» ነው። ይህን ስም ጠርቼ እስክጨርስ ገበሬው ወደ እርሻው ተመልሷል። በገጠሩ ሁሉም ሰው «ሲስተር» ይለኝ ነበር። ነርስ አይደለሁም፤ የተማርሁት ሶሲዮሎጂ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ሰውን ሳርም ቆየሁ፣ ከዚያ ደከመኝና ተውሁት።

አደረጃጀታችን እንዲህ ነበር። ከታች በየቀበሌው በጎ ፈቃደኞች አሉ። ከእነሱ በላይ እኛ፣ ጉዳይ ተከታታዮች። ከእኛ በላይ ሱፐርቫይዘር፣ ከሁሉም በላይ አስተባባሪው። መኪናዋ አንድ ናት፤ እሷም ሁልጊዜ ከአስተባባሪው ጋር ጎንደር ናት። ሥራችን ያለው ግን መኪና የማይገባበት ቦታ ስለሆነ ብትኖርም ብዙ አትረዳንም ነበር። ይህን ለራሴ እየነገርሁ ነው የምጽናናው።

በቦርሳዬ ውስጥ ቅጽ፣ የመላኪያ ወረቀት፣ እርሳስ፣ የቀለም እርሳስ፣ አንድ ትንሽ ኳስ፣ እና ስሜት መግለጫ ካርዶች ይኖራሉ። በካርዶቹ ላይ ቢጫ ክብ ፊቶች ተሥለዋል፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ተቆጥቷል። ልጁ ስሜቱን የሚመስለውን ፊት እንዲያነሣ ነው። ጎንደር ሆቴል ውስጥ አምስት ቀን በዚህ ላይ ሠልጥነናል። መጀመሪያ ያሳየሁት ልጅ ካርዶቹን አንድ በአንድ አይቶ «የወፍ በሽታ ይዟቸው ነው?» አለኝ። ሌላው ልጅም እንደዚያው አለ። በሦስተኛው ካርዶቹን ከቦርሳው አወጣኋቸው።

አሁን የምነግራችሁ ስለ አንዲት ልጅ ነው። ትርንጎ እላታለሁ፤ ስሟ ይህ አይደለም። የወላጆቿንና የሌሎቹንም ስም ቀይሬአለሁ። ቀበሌዋንም አልጠራም። ከዳባት ወደ ደባርቅ ከሚወስደው አስፋልት ወርዶ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀበሌ ብዙ አለ።

ስለ ትርንጎ የነገረችኝ አስተማሪዋ መምህርት ሙሉ ናት። ልጅቱ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ አምስተኛ ክፍል። ልጆቹ ትሸታለች እያሉ አብረዋት አይቀመጡም። መምህርቷ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀይራላት፣ ሁለቱንም ጊዜ ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ወላጅ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ተጣላ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የምትመጣው። መምህርት ሙሉ ይህን ስትነግረኝ ደብተር እያረመች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝም። ብዙ እንደ እኔ ያለ ሰው መጥቶባት፣ መዝግቦ፣ ሳይመለስ እንደቀረ ገባኝ።

በማግሥቱ ቤታቸው ሄድሁ። አባቷ አያ ደሴ ገበሬ ናቸው። በደህናው ዘመን በቅሎ እየነዱ ተራራ ሊያይ የመጣ እንግዳ ወደ ጨነቅ ያደርሱ ነበር፤ እንግዳው ከቀነሰ ወዲህ በቅሎዎቹም እሳቸውም ቤት ውለዋል፣ ሁሉም ነገር ያናድዳቸዋል። እኔን ግን በደንብ ተቀበሉኝ። ከመደብ ተነሥተው ስፍራ ለቀቁልኝ። በዕድሜ ብዙ ታንሰኛለች ሳይሉ «አንቱ» ይሉኝ ነበር። እናቷ እናኑ ጥግ ላይ ቆማ እጇን በቀሚሷ ታብሳለች።

ልጅቱ የት እንደምትተኛ ጠየቅሁ። አያ ደሴ ወደ ውጭ መሩኝ። ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ የጥጃ ጋጥ አለ። ገለባ ተጎዝጉዟል፤ በገለባው ላይ አንድ ጆንያና ያረጀ አጎዛ አለ። ውርጭ ገብስ በሚያቃጥልበት አገር ልጃቸው ከጥጆች ጋር ነበር የምታድረው።

ያን ጊዜ የተናደድሁትን ያህል ብዙ ጊዜ አልተናደድሁም። ነገር ግን ገና ወደ ቤቱ በገባሁ በሩብ ሰዓት ውስጥ የምቆጣ ከሆነ ሁለተኛ አያስገቡኝም። ስለዚህ ምን ምን እንደሞከሩ ጠየቅሁ። ልጅቱ መኝታ ላይ ትሸናለች። ገርፈዋታል። ማታ ውኃ ከልክለዋታል። ጠበል ወስደዋታል። ክታብም አስረውላታል። አልተወም።

«አራት ልጅ በአንድ መደብ ነው የሚተኛው» አሉኝ አያ ደሴ። «እሷ ስታረጥበው አራቱም ሲንቀጠቀጡ ያድራሉ። ትንሹ ሳል አለበት። ሦስት የመኝታ ጀንዲ በስብሶ ተጣለ። እስኪ አንቱ ንገሩኝ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

ቅጹን ገለጥሁ፤ ለዚህ መልስ የሚሆን ገጽ የለውም።

መቼ እንደጀመራት ስጠይቅ እናኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ልጅቱ በሦስት ዓመቷ መኝታ ማርጠቡን ትታ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በጦርነቱ ተኩሱ ወደ አካባቢው ቀርቦ ቤተሰቡ ልጆቹን ይዞ ወደ ገደሉ ወርዶ ነበር፤ ከዘመድ ቤት ብዙ ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ ነው የጀመራት። እናቷ ይህን ስትል አያ ደሴ ወደ ውጭ ወጡ።

ቢሮ ተመልሼ ቅጹን ሞላሁ። ጥያቄው «ልጅቷ የእንቅልፍ ችግር አለባት?» ይላል፤ መልሱ አዎ ወይም የለም ነው። አዎ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁና ያየሁትን ጠርዙ ላይ ጻፍሁት። አቶ ካሳሁን ቅጹን መለሰልኝ። ከሣጥኑ ውጭ የተጻፈ ነገር ኮምፒውተሩ እንደማይቀበል አስረዳኝ። አዲስ ቅጽ ሞላሁ። ጥጃዎቹ ከዘገባው ወጡ።

የመጀመሪያው ሥራ ሕመም አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ዳባት ጤና ጣቢያ ከአያ ደሴ ጋር ወሰድናት። መጀመሪያ ቀን የሽንት መመርመሪያ አልቋል ተባልን። በሁለተኛው ሳምንት ላቦራቶሪ የሚሠራው ሰው ስብሰባ ሄዷል። በሦስተኛው ተመረመረች፣ ጤነኛ ናት። መርማሪው ስታድግ ይተዋታል ብሎ መዝገቡን ዘጋ። አያ ደሴ ሦስት ቀን ከሥራ ፈትተው የሰሙት ይህንን ነው።

ሁለተኛው ሥራ ልጅቱን ማናገር ነው። የቀለም እርሳስ ሰጠኋት፤ ተቀብላ ያዘችው እንጂ ምንም አልሣለችም። ኳስ ሰጠኋት፤ ለታናሽ ወንድሟ ሰጠችው። ጥያቄ ስጠይቃት ራሷን ትነቀንቃለች። ሦስት ማክሰኞ እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ማክሰኞ ስደርስ የደረቀ ኩበት እየለቀመች ትከምራለች። ቦርሳዬን አስቀመጥሁና አብሬ መልቀም ጀመርሁ። ምንም አልጠየቅኋት። ክምሩ ወገባችን ሲደርስ ራሷ ጀመረች።

«እኔ እኮ ሽንቴ ሲመጣ እነቃለሁ» አለች።

«ታዲያ?»

«በሩን መክፈት አልችልም።»

ኩበቱን መልቀም አላቆምሁም። እሷም አላቆመችም። እየለቀመች ቀጠለች። ያን ጊዜ፣ የሸሹ ዕለት፣ ማታ በሩ ሲንኳኳ የከፈተችው እሷ ናት። ያንኳኳው ጎረቤት ነው፣ ውጡ ሊላቸው። ነገር ግን እሷ በሩን ስትከፍተው ነው ሁሉም ነገር የመጣው። ከዚያ ወዲህ ሲጨልም እጇ መወርወሪያውን አይነካም። በጋጡ ውስጥ ስትተኛ ግን ልብሷ አይረጥብም፤ ጋጡ በር የለውም፣ አጣና ብቻ ነው፤ ተነሥታ ጥግ ላይ ትሸናለች። «ጋጡ ይሻለኛል» አለችኝ። ይህን ያህል ጊዜ ማንም አልጠየቃትም፤ ስለዚህ አልተናገረችም።

ልጅቱ የሚያስፈልጋት ክዳን ያለው ባልዲ ነበር። አምስት ቀን የሠለጠንሁበት ነገር መጨረሻው ባልዲ ሆነ።

ለቢሮው የግዥ ጥያቄ ጻፍሁ። ከሦስት ሱቅ የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት አምጪ አሉኝ። ለአንድ ባልዲ። ወደ ቤቴ ሄጄ የራሴን ባልዲ አጠብሁና በማክሰኞው ይዤው ወረድሁ።

አያ ደሴ ባልዲውን አይተው አልተቀበሉም። ሰው በሚበላበት ቤት ውስጥ እንዴት ይሸናል አሉ። የከብት ጋጥ አይደለም፣ የክርስቲያን ቤት ነው አሉ። ብከራከራቸው አልሰሙኝም፤ ሌላ ሁለት ሳምንት በዚሁ አለቀ። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው ጸበል ሊረጩ የመጡ ዕለት ደረስሁ። ጉዳዩን በሰው ፊት ሳይሆን በጓሮ በኩል ቆመን ነገርኋቸው። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። አያ ደሴን ጠርተው «ልጅህ ከከብት ጋር አድራ ሳንባዋን ከምትታመም ባልዲ ቢኖር ምን ያረክሳል? ማለዳ ይደፋል፣ ይታጠባል» አሉና ወደ ጸበላቸው ተመለሱ። አለቀ። ትርንጎ በዚያው ቀን ከጋጡ ወደ መደቡ ተመለሰች።

መኝታው ሳይረጥብ ባደረ ቁጥር ኮከብ የሚሣልበት ቀን መቁጠሪያ ሰጥቻቸው ነበር፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ። በሚቀጥለው ስመጣ ግድግዳው ላይ የለም። እናኑ ከሣጥን ውስጥ አጥፋ አስቀምጣዋለች። የሚገባው ጎረቤት ሁሉ ምንድነው ብሎ ይጠይቃል አለችኝ። በምትኩ መኝታው ደርቆ ሲያድር አንድ ባቄላ በቅል ውስጥ ትጥላለች። ልጅቱና እሷ ብቻ ያውቃሉ። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ ይህች ያልተማረች ሴት እኔ ያላወቅሁትን ነገር ታውቅ ነበር። እኔ ግን በወቅቱ ያሰብሁት ቀን መቁጠሪያው ለዘገባ እንደማይሆነኝ ነው።

ባቄላው እየበዛ ሄደ። ትርንጎ በየቀኑ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። መምህርት ሙሉ ከአንዲት ዝምተኛ ልጅ ጋር አስቀመጠቻት። አንድ ማክሰኞ መንገድ ላይ ስንገናኝ ልጅቱ ሳትጠየቅ ስለ ሒሳብ ፈተና አወራችኝ።

በዚህ መካከል ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረን። አቶ ካሳሁን ከእያንዳንዳችን የስኬት ታሪክ ጠየቀ። እኔ ዘገየሁ። አራት ጊዜ ደወለልኝ። በአራተኛው ሚኒባስ ውስጥ ነበርሁ፣ ደክሞኛል፣ ጫማዬ ጭቃ ሆኗል፣ በጣም ተናድጃለሁ። ማስታወሻ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ግማሽ ገጽ ጻፍሁ። ስሟን ጻፍሁ። ክፍሏን ጻፍሁ። ቀበሌዋን ጻፍሁ። መኝታ ላይ ትሸና እንደነበር፣ ከጥጃ ጋር ታድር እንደነበር፣ አሁን እንደተሻላት ጻፍሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ያነበዋል ብዬ ነው። ደባርቅ ስደርስ ሰጠሁትና ወደ ቤቴ ሄድሁ።

እንግዶቹ የመጡት እዚያው ትርንጎ የምትማርበት ትምህርት ቤት ነው። ድንኳን ተተክሏል፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ከዳባት የመጣ ድምፅ ማጉያ በዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ተማሪዎቹ በየክፍላቸው ተሰልፈዋል፣ ወላጆቹ ከኋላ ቆመዋል። በመርሐ ግብሩ ላይ ከንግግሩ ቀጥሎ «የስኬት ታሪክ፣ አምስት ደቂቃ» ይላል። አቶ ካሳሁን ተነሥቶ አንድ ወረቀት አወጣ። ከጎንደር በጠዋቱ ነበር የመጣው፤ ወረቀቱን ቀድሞ እንዳላነበበው አሁንም እርግጠኛ ነኝ።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ የኔ መሆኑን አወቅሁ። ስሟን አነበበ። ክፍሏን አነበበ። ልነሣ ብዬ አሰብሁ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ደርሶ ስለ መኝታው ሲያነብ ገና እያሰብሁ ነበር። ከተማሪዎቹ መካከል አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ስነሣ ተጨርሶ ነበር። እንግዶቹ አስተርጓሚው ሲጨርስላቸው አጨበጨቡ።

ትርንጎ በአምስተኛ ክፍል ሰልፍ ውስጥ ነበረች። አልሮጠችም። ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ እስከ መጨረሻው ቆመች። መርሐ ግብሩ ሲያልቅ ከሰልፉ ወጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚያ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። በዚያው ምሽት ማንም ሳያዛት አጎዛዋን ይዛ ወደ ጥጃዎቹ እንደገባች በኋላ ከእናቷ ሰማሁ።

በሦስተኛው ቀን አያ ደሴ ደባርቅ ድረስ መጡ። በረንዳው ላይ ቆሙ፣ ግቡ ብላቸው አልገቡም። ሲስተር አላሉኝም። አንቱም አላሉኝም።

«እኔ ልጄን ከጥጃ ጋር ያሳደርሁት ሰው እንዳያውቅባትም ብዬ ነበር» አሉኝ። «ጥፋት ነው አልሽኝ፣ እሺ ብዬ ተቀበልሁ። አንቺ ግን ለአገር ምድሩ አወራሽባት። አሁን ያጠፋው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«እንግዲያው ደጄን አትርገጪ» ብለው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

አቶ ካሳሁን ሁሉንም ከቢሮው ሆኖ ሰምቷል። አዘነ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን ያሳሰበው የፈቃድ ቅጹ ነው። ቤተሰቡ ታሪኩ እንዲነገር ፈቅደናል ብሎ የሚፈርምበት ቅጽ አለ፣ እኔ አላስፈረምሁም። አሁን አስፈርሜ ቀኑን ወደኋላ እንዳደርገው ነገረኝ፤ ጉዳዩ በዚያ ይዘጋል አለ። አላደርገውም አልሁ። ለምን አለኝ። «ደጃቸውን እንዳልረግጥ የከለከሉኝን ሰውዬ ጣታቸውን ቀለም ነክሬ ላስፈርማቸው?» አልሁት። ከሁለት ቀን በኋላ መመሪያ ባለማክበር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ማስጠንቀቂያው ትክክል ነበር፤ መመሪያ አላከበርሁም። ያናደደኝ ከታች የፈረመበት ቀኑን ወደኋላ አድርጊ ያለኝ ሰው ራሱ መሆኑ ነው።

ልልቀቅ ብዬ አሰብሁ። ማመልከቻ ጻፍሁ፣ ቀደድሁ። እንደገና ጻፍሁ፣ እንደገና ቀደድሁ። መልቀቁ ለኔ ይቀለኛል፣ ለልጅቱ ምንም አይሠራላትም።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል። እኔም የቤተሰቡን ንስሐ አባትና ሁለት የመንደሩን ሽማግሌዎች ለመንሁ። ግራ ገባቸው። ቢሮ ያለው ሰው ሽማግሌ ሲልክ አይተው አያውቁም። አያ ደሴ ሁለት ጊዜ መለሷቸው። በሦስተኛው ቄሱ ራሳቸው ደጅ ላይ ተቀምጠው አልነሣም ስላሉ ተፈቀደልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር። ከአያ ደሴ እግር ላይ ወደቅሁ፤ አነሡኝና ይቅር ብለናል አሉ፣ ድምፃቸው ግን ገና አልለሰለሰም። ለልጅቱም ይቅርታ ልጠይቅ እፈልጋለሁ አልሁ። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው አልወደዱትም። ልጅ ይቅርታ አትጠየቅም፣ ከአባት ጋር ከታረቅሽ እሷ ትከተላለች አሉኝ።

ቄሱ «የተነበበው የማን ስም ነው?» አሏቸው።

ትርንጎ ተጠራች። ከበሩ መቃን ተደግፋ ቆመች። በሥልጠና የተማርሁት ረጅም ነገር ሁሉ ጠፋብኝ፤ መጥፋቱም ደግ ነው። «ስምሽን የጻፍሁት እኔ ነኝ። መጻፍ አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት።

ሁሉም እግዜር ይቅር ይበልሽ ትላለች ብሎ ይጠብቃል። እሷ ግን «ወረቀቱ የት አለ?» አለች።

በቢሮው ኮምፒውተር ተጽፎ የተባዛ አምስት ቅጂ ነበር። አንዱ በቢሮው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ አንዱ በፋይል ውስጥ፣ አንዱ ርእሰ መምህሩ ዘንድ፣ አንዱ አቶ ካሳሁን ያነበበበት፣ አንዱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ። ለመሰብሰብ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የማስታወቂያ ሰሌዳውን መስተዋት የሚከፍተው ቁልፍ ጠፍቷል ተባልሁ። የብሎን መፍቻ ይዤ መጥቼ ማጠፊያውን ፈታሁት። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ለማውጣት ደብዳቤ ጻፊ ተባልሁ፣ ጻፍሁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን አቶ ካሳሁን በፊቴ አጠፋው። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

አራቱን ወረቀት ይዤ ወረድሁ። ትርንጎ ተቀብላ አንድ በአንድ አነበበቻቸው። አንዱ ከሌላው ይለይ እንደሆነ የምታጣራ ይመስል ነበር። ከዚያ ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው። አምስተኛው አዲስ አበባ እንደሄደና ላስመልሰው እንዳልቻልሁ ነገርኋት። መዋሸት እችል ነበር፣ እሷም ታምነኝ ነበር።

«የሚያነቡት ሰዎች ያውቁኛል?» አለችኝ።

«አያውቁሽም።»

«አንቺስ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«አልነግርም።»

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ወደዚያ ትምህርት ቤት ተመለሺ ብዬ አልለመንኋትም። ትክክለኛውን ነገር ያደረገችው መምህርት ሙሉ ናት። ዳባት ከተማ የእናኑ እህት አለች። መምህርቷ በራሷ ጊዜ መሸኛ አሠርታ፣ የዓመቱን ውጤት አስገልብጣ፣ ልጅቱን ከአክስቷ ቤት ሆና እንድትማር ለዳባቱ ትምህርት ቤት አስረከበቻት። ምክንያቱን ማንም ሲጠይቃት አክስቷ ብቻዋን ስለሆነች ነው አለች። በአክስቷ ቤት መብራት አለ፣ ሽንት ቤቱም ግቢ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ብዙ ወር ተመልሶባት እንደነበር፣ በኋላ ግን ጨርሶ እንደተዋት እናኑ ነገረችኝ። እኔ ፋይሉን ዘጋሁ። ቅጹ ለመዝጊያ ሁለት ሣጥን አለው፣ ተሻሽሏል እና አልተሻሻለም። የትኛው ላይ ምልክት እንደማደርግ አሰብሁና ባዶውን ተውሁት። ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። አቶ ካሳሁን ራሱ ተሻሽሏል ብሎ ሞላው።

በመጨረሻው ዓመቴ አንድ ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥሁ ነበር። ቀና ስል ትርንጎ ከፊቴ ቆማለች። ቁመቷ ከኔ በልጧል። የሁለተኛ ደረጃ ዩኒፎርም ለብሳለች፣ ሁለት ጓደኞች አብረዋት አሉ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትሁ፣ መልሼ ዘጋሁት። እሷ ዓይኗን ሳትሰብር አለፈችኝ።

ከጓደኞቿ አንዷ ዞር ብላ አየችኝና «ታውቂያታለሽ?» አለቻት።

«አላውቃትም» አለች ትርንጎ።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ሽንኩርቴን አስመዝኜ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ልክ ናት፤ አውቃታለሁ ብትል ከየት ታውቂያታለሽ ይሏታል፣ መልሱም ወደዚያ ወደረጠበው መደብ ይወስዳል።

ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላ አዳዲሶቹን ሠራተኞች አንድ ጠዋት እንዳናግራቸው ተጠርቼ ነበር። ብዙ የሚጽፉት ነገር ጠብቀው ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። የነገርኋቸው ሁለት ነገር ነው። የልጁን ስም ልጁን ከሚረዳው ሰው በቀር ለማንም አትስጡ፣ አለቃችሁም ቢሆን። መንገድ ላይ ስታገኙት እሱ ቀድሞ ሰላም ካላላችሁ ሰላም አትበሉት።